ውሃ የማትጠግበው መኪና

ያቺን መኪና የጠላኋትን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። ሰው ቢሆን አንድ ቀን ይታመምና ያሳዝናል፤ ጥላቻው ይበርዳል። እሷ ግን በየሳምንቱ ትታመም ነበር፤ በታመመች ቁጥር ደግሞ ይበልጥ አንገሸገሸችኝ።

ቦክስ ነበረች። ካርቱም ውስጥ ኋላዋ ክፍት የሆነችውን ትንሽ የጭነት መኪና የሚሏት እንዲህ ነው። ሱዳናዊው አባቴ ከገበያ ገበያ ቲማቲምና ሽንኩርት ሲያመላልስባት ኖሮ፣ በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ሲሞት ለእናቴና ለእኔ ትቷት ሄደ። ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር ካለው የጭቃ ቤታችን ሌላ ውርስ የምንለው እሷን ነበር። ድሮ ነጭ ነበረች ይላሉ፤ እኔ አልደረስኩበትም። የሾፌሩ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ መስታወቱን ዝቅ አድርጌ፣ እጄን ወደ ውጭ አውጥቼ ነው የምከፍተው። ቁልፍ ስላዞሩላት ብቻም አትነሳም። መጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ ባትሪው ላይ ያለውን ቀይ ሽቦ ጠበቅ አድርጎ መጫን፣ ከዚያ ገብቶ ነዳጁን ሁለት ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ ማዞር ነው። ሦስቴ ከረገጡት ታንቃ ትቀራለች። ይህ ሁሉ ግን ጠባይ እንጂ ሕመም አይባልም። ሕመሟ ሙቀት ነበር። ውሃዋ ይፈላል፤ ግላ ከጠፋች ደግሞ እስክትቀዘቅዝ ድረስ አትነሳም። ካርቱም ላይ ምን ነገር ይቀዘቅዛል?

የእኔ ጣጣ ብቻ ብትሆን ኖሮ ገፍቼ ዓባይ ውስጥ እጥላት ነበር። ግን እናቴ ነበረች።

እናቴ የወሎ ሴት ናት። በወጣትነቷ በመተማ ገብታ፣ ገዳሪፍ ጥቂት ቆይታ ካርቱም ደረሰች፤ የሰው ቤት ልብስ እያጠበች ሳለ አባቴን አገኘችው። እሱ ሲሞት እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በዓመቱ እግሯ ማበጥ ጀመረ፤ ፊቷም ጠዋት ጠዋት ይነፋል። ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል፣ ገሲል ያስፈልጋታል አለ። ገሲል እጥበት ማለት ነው፤ ደም በማሽን ማጠብ። እናቴ ደግሞ ገሲልን የምታውቀው በሳፋና በሳሙና ነው። «ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ገሲል ሠራሁ፤ አሁን ደግሞ እኔው ልታጠብ?» ብላ በዐረብኛ ጠየቀችውና ሳቀች። ሐኪሙም ሳቀ። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ተራዋ እሑድና ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። ወንዙን ተሻግሮ ካርቱም መሐል ድረስ መሄድ አለባት። ግማሽ ሰዓት ካረፈደች አልጋዋ በር ላይ ለሚጠብቅ ሌላ በሽተኛ ይሰጣል፤ ያም ሰው ሞት ደጁ ላይ የቆመ ስለሆነ መከራከር ነውር ነው። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ካመለጣት ውሃው ሳንባዋ ውስጥ እንደሚገባ ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገረኝ። «ያኔ በራሷ ውሃ ትሰጥማለች» አለኝ። ይህን ቃል ለእናቴ አልነገርኳትም፤ መሪውን በያዝኩ ቁጥር ግን ጆሮዬ ላይ ነበር።

ሰዎች ሁሌ ይጠይቁኛል፤ ለምን በሌላ መኪና አልወሰድሻትም ይሉኛል። ሀፍላው፣ ማለትም የሕዝብ ሚኒባሱ፣ ቆሞ አይጠብቅም፤ እየተንከባለለ ነው የሚጫነው። ያበጠ እግር ደግሞ አይዘልም። ራክሻ፣ ባለሦስት እግሯ ባጃጅ፣ ድልድይ አይሻገርም። ታክሲዎቹ በዚያ ሰዓት ወደ እኛ ሰፈር ጭቃና አቧራ አይገቡም። እና ያቺው የአባቴ ቦክስ ነበረች።

ገበያው ዳር ኒም ዛፍ ሥር የሚሠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበረን። ኡስታ እንለዋለን፤ መካኒኩንም ግንበኛውንም እንዲያ ነው የሚሉት። እጁ የተባረከ ነው ይባልለታል። እኔ የማውቀው አንዲት ቃሉን ነው፤ «ባሲጣ»። ቀላል ነው ማለቱ ነው። ራዲያተሩ አፈሰሰ፤ ባሲጣ። ራዲያተሩን በይዶ በሰጠኝ በሳምንቱ የውሃው ፓምፕ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ ባሲጣ። ፓምፑ ሲቀየር ጎማ ቱቦው ፈነዳ፤ «ባሲጣ፣ ያ ቢቲ፣ ባሲጣ»። ልጄ ሆይ ማለቱ ነው፤ ልጄ ሲለኝ ቁጣዬን ይወስድብኛል፣ ቤት ስደርስ ይመለስልኛል። የሞተሩ ማራገቢያ በተቃጠለ ጊዜ ደግሞ ዕቃው እስኪገኝ ብሎ መላ ሰጠኝ። «ማሞቂያውን ክፈቺው። ሙቀቱን ከሞተሩ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባላችኋል።» እውነቱን ነው፤ የሙቀቱ መርፌ ወረደ። በግንቦት፣ መሪው እጅ በሚያቃጥልበት ወር፣ ማሞቂያ ከፍተን እንሄድ ጀመር። ዕቃውም ሳይገኝ ከረመ።

ለእናቴ የተፈቀደላት ውሃ በቀን ሁለት ብርጭቆ ነበር። ኩላሊቷ አያወጣውማ። ጠዋት ከምትወስደው መድኃኒት ጋር ግማሹ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጥርሷን ነክሳ፣ የቶቧን፣ የተጠቀለለችበትን ረጅም ልብስ፣ ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ፣ ያ ትኩስ አየር ጉልበቷ ላይ እየነፋባት ትቀመጣለች። እግሯ ሥር ደግሞ አምስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አለ፤ ለመኪናዋ። መንገድ ላይ አንዴ ወይ ሁለቴ ቆሜ፣ በጨርቅ ይዤ ክዳኑን ከፍቼ አጠጣታለሁ። ሰው የተከለከለውን ብረት ይጠጣል። ያኔ ይህን አላሰብኩትም፤ ሳስብ የነበረው ሰዓቱን ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያመለጠን ገሲል የኩበር ድልድይ ላይ ነው። ድልድዩ ትንሽ ይነሳል፤ ያችን ትንሽዬ ዳገት እንኳ አልቻለቻትም። መሐል ላይ እንፋሎት ለቀቀችና ዝም አለች። ከኋላችን የቆመው መኪና ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። ፖሊሱ መጣና «ያላ፣ አንሺያት!» አለኝ። «አትነሳም» አልኩት። «እንግዲያ ለምን ይዘሻት ወጣሽ?» እናቴን በጣቴ አሳየሁት፤ አያትና ለስለስ ብሎ ከሰዎች ጋር ሆኖ ገፋን። ከድልድዩ ማዶ ዳር አስይዘውን ሄዱ። አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆነ። እናቴ ሰዓቱን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል «ተይው በቃ፣ ልጄ፣ ረቡዕ እንመጣለን» አለችኝ። ኮፈኑ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ብረቱ ክንዴን አቃጠለኝ፤ ምልክቱ አሁንም አለ።

እስከ ረቡዕ ድረስ ትንፋሿ አጠረ። ጋደም ማለት አልቻለችም፤ ተቀምጣ ነው ያደረችው። ረቡዕ ደረስን፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰላም የሚባል ነገር ከእኔ ወጣ። ቅዳሜና ማክሰኞ ሌሊት እየተነሳሁ የራዲያተሩን ውሃ አያለሁ። የምሠራበት ትምህርት ቤት ደጋግሜ ስለቀረሁ የጸሐፊነት ቦታዬን ለሌላ ሰው ሰጠብኝ፤ አልፈረድኩባቸውም።

ተልባው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ኡስታው ራዲያተሩ ውስጥ ዓይን የማያየው ስንጥቅ አለ፣ አንዳንዱ ሰው እንዲደፍነው እንቁላል ይሰብርበታል ሲል እናቴ ሰማች። ቤት ስንደርስ አሰበችበትና «ተልባ ነው የሚይዘው» አለች። አንዲት ጎረቤታችን ከአገር ቤት ያመጣችው ተልባ ነበራት። እናቴ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ፣ በውሃ በጥብጣ አሳረፈችው፤ ከላይ የጠለለውን ሙልጭልጭ ውሃ ራዲያተሩ ውስጥ በገዛ እጇ ቀስ አድርጋ አንቆረቆረችው። «ቢስሚላህ» አለች፤ ሆድ ለታመመ ልጅ እንደምታጠጣ ሁሉ። እኔ በልቤ ስቄባት ነበር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰችም! ለሦስት ገሲል በሰዓቱ ደረስን። እናቴ ላገኘችው ሁሉ ስለ ተልባዋ ታወራ ነበር፤ ነርሷም ሳትቀር ሰማች።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተልባው ረግቶ ቱቦዎቹን ሁሉ ደፈነ። ኡስታው ራዲያተሩን ሲፈታው ቡናማ ንፍጥ የሚመስል ነገር እየተጎተተ ወጣ። አሸተተው። «ያ ቢቲ፣ ምን አበላችኋት?» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ባሲጣ ሳይል ቀረ። ያንን ራዲያተር ለማጠብ ሁለት ቀን ፈጀበት፤ በዚያም ሰበብ ሌላ ገሲል አለፈን። እናቴ ጥፋቱ የእሷ መሆኑ ገብቷት ቀኑን ሙሉ አንገቷን ደፍታ ዋለች። አላጽናናኋትም። አጠገቧ አልፌ ስሄድ በሩን ጮክ አድርጌ ዘጋሁት፤ ዛሬ እንኳ ያ የበሩ ድምፅ ያሳፍረኛል።

ከዚያ የሚዛኑ ነገር መጣ። ከገሲል በፊት በሽተኛው ሁሉ ይመዘናል፤ ከባለፈው የጨመረው ክብደት ሁሉ የጠጣው ውሃ ነው። እናቴ ትጨምር ጀመር። ነርሷ ቁጥሩን አይታ «ያ ሐጃ፣ ሞያ ከቲር!» ብላ ጮኸችባት። ሞያ በሱዳን ዐረብኛ ውሃ ነው፤ እማማ፣ ውሃ አብዝተሻል ማለቷ ነው። እናቴ «ወላሂ ከሁለት ብርጭቆ አላለፍኩም» አለች። እኔ ደግሞ ለእናቴ ቆሜ ከነርሷ ጋር ተጣላሁ፤ ሚዛናችሁ ነው የተበላሸው አልኳት። ምስክር ነኝ፣ ብርጭቆውን የምቀዳላት እኔ ነኝ፣ ቤት ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ የምቆልፍባት እኔ ነኝ አልኩ። ነርሷ መለስ ብላ እንኳ አላየችኝም።

በዚያው ሳምንት ከኡስታው ጋርም ተጣላሁ። ራዲያተሩን ፈትሾ ፈትሾ «ይህ አያፈስም» አለኝ። «ታዲያ ጀሪካኑን ማን ይጨርሰዋል? አምስት ሊትር ይዤ ወጥቼ ስመለስ ባዶ ነው!» አልኩት። ሽማግሌው ጢሙን እየዳበሰ ራዲያተሩን ደግሞ አየ። «ይህች መኪና ይህን ያህል ልትጠጣ አትችልም» አለኝ። ውሸታም አልኩት፤ አባቴ በሚሆን ሰው ፊት ቆሜ። እሱም ዕቃውን ሰብስቦ ገባ።

ከጠቡ በኋላ በሁለተኛው እሑድ ከድልድዩ እንደወረድን መርፌው ተነሳ፤ ቆምኩ። ኮፈኑን ከፍቼ ሽቦዎቹን ሳይ ቆየሁና ውሃ ከመጨመሬ በፊት ትንሽ ይብረድ ብዬ ጎንበስ አልኩ። በኮፈኑና በመስታወቱ መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት አለች። በእሷ በኩል እናቴን አየኋት። ፀሐይ የተከላከለች መስላ ቶቧን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋለች። ከቶቡ ሥር በጀሪካኑ ክዳን እየቀዳች ትጠጣለች። አንድ ክዳን፣ ሌላ ክዳን። ጠብታ እንዳይወድቅባት ሌላውን እጇን ከሥር ትዘረጋለች፤ ከዚያ መዳፏን ትልሳለች።

ዞሬ ሄጄ በሩን በረገድኩት። «ዩማ!» አልኳት፤ እኛ ካርቱም ያደግን ልጆች እማዬ የምንለው እንዲያ ነው። «አንቺ ነሽ? ይህን ሁሉ ጊዜ አንቺ ነሽ?»

ክዳኑን እንደያዘች ቀረች።

«ዝገት ነው እኮ! የመኪና ውሃ ነው እኮ!»

«እሷ ስትጠጣ እኔ አያለሁ» አለችኝ። «ስትውጥ ድምጿ ይሰማኛል። ቀናሁባት፣ ልጄ።»

የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ያኔ ግን አላዘንኩም። እብደት ነው የያዘኝ። መሞት ከፈለግሽ ለምን በየፀሐዩ ታቃጥይኛለሽ አልኳት። ለአንቺ ብዬ ሥራዬን አጣሁ አልኳት። ለአንቺ ብዬ ከሰው ሁሉ ተጣላሁ፤ ውሸታሟ ግን አንቺ ነሽ አልኳት። መንገድ ዳር ሐብሐብ የሚሸጥ ሰውዬ ተነስቶ «ሐራም ዐለይኪ፣ ነውር ነው፣ እናትሽ ናት!» አለኝ። እናቴ ክዳኑን ጀሪካኑ ላይ አጥብቃ አሠረችና በሁለት እጇ አንስታ ሰጠችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀሪካኑን ከኋላ፣ ከእሷ ርቆ፣ በገመድ አስሬ ነው የምጭነው። ወደ ኡስታው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም፤ የእናቴ ገመና ነውና።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ የላይኛው ቱቦ እንደገና ተቀደደ። ገና ድልድዩ ጋ አልደረስንም፤ ሳትግል ቶሎ አጠፋኋት። ኡስታው ሩቅ ነው፤ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ከሩብ ሆኗል። ስንት ጊዜ አጠገቡ ቆሜ ሲሠራ አይቻለሁ፤ አሁን ማየት አይጠቅምም። ራሴ ላይ የነበረውን ጠርሃ፣ ሻሹን፣ ገፈፍኩና በጥርሴ ቀደድኩት። ቱቦውን በጨርቁ ደጋግሜ ጠቀለልኩ፤ ላዩን ከአጥር በነቀልኩት ሽቦ አሠርኩና በመፍቻ ጠመዘዝኩት። ጣቴ ደማ። ራዲያተሩን ሞላሁ፣ ቀዩን ሽቦ ተጫንኩ፣ ሁለቴ ረገጥኩ፣ አዞርኩ፤ ተነሳች! ጨርቁ ያዘ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ ወደ እናቴ ዞርኩ። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አየችኝ፣ እጄን አየችና በዚያ በደረቀ ድምፅ «ሞያ» አለች። ቀጥላም «ሞያ…» አለች።

«ሞያ ማፊ!» ብዬ ጮህኩባት። ውሃ የለም አልኳት። «ደሜን አፍስሼ ነው ያስነሳኋት፣ አሁንም ሞያ ትይኛለሽ?»

እስክንደርስ ድረስ በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ስታይ ቆየች። አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ደረስን።

ገሲል ቤቱ ውስጥ ከእሷ ቀጥሎ ባለው አልጋ አንዲት ማዮ የሚባለው ሰፈር የምትኖር የወሎ ሴት ትታጠብ ነበር። እነሱ ተያይተው አማርኛቸውን ሲጀምሩ እኔ ብዙውን አልከታተልም። ያኔ አማርኛዬ የልጅ አማርኛ ነበር፤ ብዪ፣ ተኚ፣ ነይ፣ ሂጂ። እናቴ ከእኔ ጋር ስታወራ ግማሹን በዐረብኛ ትሞላዋለች፤ ቤታችን ውስጥ ውሃ ከተወለድኩ ጀምሮ ሞያ ነው። ያን ቀን ሁለቱም ሳቁ። እናቴ በማሽኑ ያልተያዘውን እጇን ወደ እኔ እያወዛወዘች ታወራለች፤ ሴትየዋ እኔን እያየች ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ምንድን ነው አልኩ።

«እናትሽ ስለ አንቺ ነው የምታወራኝ» አለች ሴትየዋ በዐረብኛ። «በጨርቅና በሽቦ መኪና አስነሳች፣ ሞያ ነው እንጂ ይሄ ልላት ስጀምር፣ ውሃ የለመንኳት መስሏት ጮኸችብኝ አለች።»

«ሞያ ውሃ አይደለም እንዴ?»

«አይ ልጄ! በእኛ አገር ሞያ የእጅ ነው። ወጥ ማሳመር፣ መፍተል፣ መስፋት፤ እጇ የተባረከች ሴት ባለሞያ ትባላለች። እናትሽ አሞገሰችሽ እንጂ መች ለመነችሽ?»

እናቴ አሁንም ትስቃለች፤ ቅር ያላት አትመስልም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ በእናቴ አፍ ያንን ቃል ለእኔ ሲባል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትለኝ ምን መለስኩላት? አልጋዋ ሥር በርከክ ብዬ «አፉ በይኝ ዩማ» አልኳት።

«ብያለሁ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ውሃውንም ብትሰጪኝ ኖሮ እምቢ አልልም ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ኖረች። ኡስታው ከአንድ ከተገለበጠ መኪና የወጣ ደህና ራዲያተርና ማራገቢያ አገኘልን፤ ገጠመልን። በሙቀት ከጠፋች አልነሳም የሚለው አመሏና ሲቆሙ፣ እግር ከነዳጁ ላይ ሲነሳ፣ የመጥፋት ልማዷ እንዳለ ሆኖ፣ ቦክሷ በሕይወቷ እንደዚያ ሄዳ አታውቅም። እኔም ማታ መተኛት ጀመርኩ። አሁን ይሻላታል፣ ሰዓቱ ካልዛነፈ እናቴ ዓመታት ትኖራለች ብዬ ነበር።

የሞተችው ማክሰኞ ነው። እሑድ በሰዓቱ ታጥባ ነበር፤ ረቡዕ ገና ነገ ነበር። የዙሁርን፣ የቀትሩን፣ ሶላት ተቀምጣ ሰገደች፣ ግቢው ውስጥ ጥላው ሥር አንገሬቧ ላይ ጋደም አለች፤ በገመድ የተጠለፈች አልጋዋ ናት። ልጠራት ስሄድ የለችም። ልቧ ነው አሉ፤ የገሲል ሰው ልቡ ድንገት ይቆማል አሉ። መኪናዋ በር ላይ ቆማ ነበር፤ ውሃዋ ሙሉ ነው፣ ደህና ናት። ይህን ሁሉ ጊዜ እናቴን የምትገድላት እሷ እንደሆነች እርግጠኛ ነበርኩ፤ ለመራገም የተዘጋጀሁት እሷን ነበር። አሁን የምረግመው አጣሁ። ብትገድላት ይሻለኝ ነበር፤ ቢያንስ የምጠላው ይኖረኝ ነበር።

እዚያ አገር ሬሳ አይቆይም። ሴቶቹ አጠቡ፣ ከፈኑ፤ ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት፣ በፊት ለመቅበር ወንዶቹ ተሰበሰቡ። ክረምት ነበር፤ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ መንገዱን ጭቃ አድርጎታል፣ የጎረቤት መኪናዎች ከመንደሩ መውጫ አልፈው መግባት አልቻሉም። በር ላይ ቦክስ ቆማ እያለችስ ማን ሌላ ይፈልጋል? አንገሬቡን ከነእናቴ አንስተው ከኋላ ጫኑት፤ ወንዶቹም ዙሪያውን ይዘው ወጡ። አንድ ጎረቤታችን ቁልፉን ከእኔ ተቀበለ። ሴት ቀብር አትሄድም፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ቀረሁ።

አዞረ፤ አልተነሳችም። ደግሞ አዞረ። ቀይ ሽቦ እንዳለ ነገርኩት፤ ተጫነው፣ ግን ነዳጁን ደጋግሞ ረገጠው። ታነቀች። ሌላ ሰው ወረደና ሞከረ። የሰዎቹ እግር ጭቃ ውስጥ ነው፤ እናቴ ነጭ ጨርቋን ተጠቅልላ ከላይ ፀሐይ ላይ ናት። ጥሩምባ የሚነፋ የለም እንጂ ድልድዩ ላይ የቆምን ያህል ነበር። መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ሸኽ፣ ያ ዝምተኛ ሽማግሌ፣ መሬት መሬት እያየ «ትንዳ፤ እስከ መቃብሩ በር ድረስ ልጅቷ ትንዳ» አለ። ወንዶቹ ከመንገዴ ዞር አሉልኝ።

ኮፈኑን ከፈትኩ፣ ሽቦውን ተጫንኩ፣ ጥቂት ጠበቅሁ። ሁለቴ ረገጥኩ፣ አዞርኩ። ተነሳች። በቀስታ ነዳሁ፤ ጭቃው ውስጥ እንዳትዘል፣ እናቴ እንዳትንገላታ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። እናቴን ከሙቀቱ ላሳርፋት ብዬ ማሞቂያውን ለመዝጋት እጄን ልኬ ነበር፤ ለካ ከተዘጋ ሦስት ወሩ ነው።

መቃብሩ በር ላይ ቆምኩ። አንገሬቡን አውርደው ተሸክመው ገቡ፤ እኔ ከዚያ አላልፍም። ሞተሩን ማጥፋት አልቻልኩም፤ ግላለች፣ ካጠፋኋት አትነሳም፤ እነዚያ ሁሉ ሰዎች ደግሞ በዚያ ጭቃ በእግራቸው ሊመለሱ ነው። እግሬንም ከነዳጁ ላይ ማንሳት አልቻልኩም፤ ካነሳሁ ትጠፋለች። ረግጬ ተቀመጥኩ። ከአጥሩ በላይ የሰዎቹ ራስ ይታየኛል፤ ጎንበስ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ዱዓ እያደረጉላት ነው። እኔም አሚን ልበል ብዬ መስታወቱን እስከ ታች አወረድኩ፤ ጆሮዬን አውጥቼ ሰጠሁ። የት ላይ አሚን እንደሚባል አልሰማሁም። ሞተሩ ይጮህ ነበር።